ላልሞተ ዕቅድ የወረደ ሙሾ

ሥራዬ ማልቀስ ነው። በምሠራበት ድርጅት የሠራተኞች መዝገብ ላይ «እታጉ ይመር፣ ሙሾ አውራጅ፣ ደረጃ ዘጠኝ» ተብሎ ሰፍሯል። የማለቅሰው ለሰው አይደለም። ለዕቅድ ነው፤ ያውም ገና ላልሞተ ዕቅድ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ሻይ እጥዳለሁ፤ ውሃው እስኪፈላ ድምፄን አሟሻለሁ። የሰፈሬ ሰው ለምዶታል። ባለፈው መስከረም የገባች አዲስ ተከራይ ግን አልሰማችም ኖሮ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ በሳህን ይዛ በሬን አንኳኳች።

«እግዜር ያጽናዎት እትዬ። ማን ነው የሞተብዎ?»

«የቆሻሻ አሰባሰብ ማሻሻያው» አልኳት።

ሴትየዋ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ትንሽ ራቅ ከሚሉት ጎረቤቶቼ አንዷ ናት። ንፍሮውን ግን አብረን በልተነዋል።

ይህን እንጀራ የሰጠኝ የቅድመ ለቅሶ ደንብ ነው። ደንቡ የወጣው በ2078 ዓ.ም.፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ ገበያን ወደ ሐሙስ ካዛወረ በኋላ ነው። ውሳኔው ሲተላለፍ ስብሰባው ላይ አርባ ሁለት ሰው ነበር፤ አርባ ሁለቱም እጁን አወጣ። ነጋዴው ግን በሰኞው መጣ። ሐሙስ ዕለት የተገኘው ተቆጣጣሪው ብቻ ነበር፣ እሱም ፊሽካ ይዞ። በኋላ ሲጠየቁ አርባ ሁለቱም «እኔስ እንደማይሆን ዐውቄ ነበር» አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

እናም ተደነገገ፤ ከሺህ ሰው በላይ የሚነካ ውሳኔ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት እንደ ሞተ ተቆጥሮ ይለቀስለታል። በግቢው ድንኳን ይተከላል። የዕቅዱ ባለቤት እንደ ሐዘንተኛ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መናገር አይፈቀድለትም። ለቀስተኛው ዕቅዱ ሥራ ላይ ውሎ፣ ከሽፎ፣ ዓመቱን እንዳስቆጠረ አድርጎ ያወራል። «እንዲህ ቢደረግ ይወድቃል» ማለት ክልክል ነው፤ «እንዲህ ሆኖ ሞተ» ነው የሚባለው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ያለውን ዕቅድ፣ ያውም የአለቃን፣ ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ነው። የሟችን አሟሟት መጠየቅ ግን የለቅሶ ቤት ወግ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ፣ ባለቤቱ ወይ ዕቅዱን አስተካክሎ ያስነሳዋል፣ ወይ ይቀብረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ሰው እውነቱን ያወራ ነበር፤ እኔም ከሰው አፍ እየለቀምኩ ግጥም አደርገው ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ለቅሶውም እንደ ስብሰባው ሆነ። ይመጣሉ፣ ንፍሮ ይዘግናሉ፣ «የቅንጅት ጉድለት ገደለው» ብለው ይሄዳሉ። በሞት መዝገባችን ላይ ካሉት ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ዕቅዶች ሁለት መቶ ዘጠናው የሞቱት በቅንጅት ጉድለት ነው። ወረርሽኝ ቢሆን ኖሮ ደሴ ሰው አልባ በቀረች።

ድርጅቱ ጦሳ ገመድ ይባላል። ደሴ ገደል ለገደል የተሠራች ከተማ አይደለች? መንገዱ አልበቃ ሲላት በአየር ላይ ገመድ ዘረጋች፤ ሕዝቡ በገመዱ ላይ በተንጠለጠሉ ስምንት ሰው በሚይዙ ጎጆዎች ይጓዛል። ጎጆው ጣቢያ ሲደርስ ቆሞ በሩን ይከፍታል፤ አሳፋሪው ሰዉን እየጮኸ ያስገባል፤ ሲሞላ ይሄዳል። ችግሩ ሰልፉ ነው። ሰኞ ሰኞ ሰልፉ ከሰኞ ገበያ ጣቢያ እስከ ፒያሳ ይደርሳል። ሰው በሰልፉ ላይ ይተጫጫል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። እኔ ራሴ ሰልፍ ላይ ሹራብ ጀምሬ የጨረስኩበት ጊዜ አለ።

ይህን ሰልፍ ላጥፋ ብላ የተነሳችው ልጄ ረውዳ ናት። የድርጅታችን ዕቅድ ክፍል መሐንዲስ ነች። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ዕቅድ «የማይቆመው ጎጆ» ይባላል። ጎጆው አይቆምም፤ ዝግ ብሎ በመድረኩ ጎን ሲያልፍ በሩ ለስምንት ሰከንድ ይከፈታል፤ ገቢው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሌላው ይከተላል። አሳፋሪዎች ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራሉ። መካሪም አጽድቆታል። መካሪ ውሳኔያችን ሁሉ የሚያልፍበት፣ ድምፅ እንጂ ፊት የሌለው የድርጅቱ ሒሳበኛ ኮምፒውተር ነው። አርባ ሰው ተቀጥሮ ተሞክሯል፤ ስምንት ሰከንድ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ለቅሶው ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴን እትዬ ዘምዘምን ይዤ፣ ለልጄ ሳልነግራት፣ ገራዶ ወደሚገኘው የሙከራ ጣቢያ ሄድኩ። ለሕዝብ ክፍት ነበር። የልጄን ሥራ ለጎረቤት ላሳይ ብዬ ነው፤ መኩራራት እንደሆነ አልክድም።

የመጀመሪያው ጎጆ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

«ግቢ እታጉ» አለች እትዬ ዘምዘም።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! በሁለት ዓመት ይበልጡኛል።»

«የባለ ዕቅዷ እናት ቆማ እኔ ልቅደም? ወላሂ አይሆንም።»

በሩ ተዘጋ። ጎጆው ባዶውን ወደ ጦሳ ሄደ። ሁለተኛው መጣ። አሁን ደግሞ ከዘራ የያዙ አንድ አባት ከኋላችን ደረሱ፤ ሁለታችንም ወደ እሳቸው ዞርን። «አባባ፣ ይግቡ!» አልን። «ሴቶች ቆመው!» አሉ እሳቸው፣ እንደ መቀየም ብለው። በዚህ ዓይነት ስድስት ጎጆ ባዶውን አለፈ። በሰባተኛው አባትየው ደከማቸውና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እኛም እሳቸውን ጥለን መሄድ ነውር ሆኖብን በእግራችን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ እየሳቅን ነበር።

ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ሳቁ ለቀቀኝ። ሦስት ሰው ስድስት ጎጆ ባዶ ካሳለፈ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ያ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ነው? የሰኞን ገበያ ሐሙስ ያደረጉት የዚያ መሥሪያ ቤት አለቃ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ግን እስከ ዛሬ ቀጠሮ የሳተ ሰው ሲገጥማት በእሳቸው ስም ትጠራዋለች። ልጄም እንዲሁ ልትሆን ነው። ሕፃን ሁሉ በስሟ ሲቀልድ ታየኝና ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።

እሑድ ረውዳ ለምሳ መጣች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እማ፣ ማክሰኞ አንቺ አታለቅሺም አይደል?» ቀደመችኝ። «ለራስ ሰው ሙሾ አይወረድም። የኮምቦልቻዋን ሙሾ አውራጅ አስጠርቻለሁ።»

«ያቺ ሁሉንም በቅንጅት የምትገድለውን?»

«በሃያ ደቂቃ ትጨርሳለች። እማ፣ ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት። ሐሙስ እንዲፈረም ብቻ ነው የምፈልገው።» ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው እውነቱን ለምን አይናገርም እያልኩ ሳማ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። ወጥ ጨመርኩላት።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሠራተኛው በየመሳቢያው ያስቀመጠውን የመሥሪያ ቤት ነጠላ አዘቅዝቆ ለብሷል። እንደተለመደው ድንኳኑ በር ላይ ትንሽ ቆየን፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ መኳንንት ለአንጋፋው ሒሳብ ሹም «ይቅደሙ» ሲሉ፣ ሒሳብ ሹሙ ለሴቶቹ፣ ሴቶቹ ለእኔ፣ እኔ ለኮምቦልቻዋ እንግዳ፣ እንግዳዋ ተመልሳ ለአቶ መኳንንት። በኋላ ገባን።

ረውዳ ከፊት ተቀምጣለች። የኮምቦልቻዋ ሴት ድምፅ አላት፣ አይካድም፤ ቅንጅትን ሁለት ጊዜ፣ ክትትልን አንድ ጊዜ ጠርታ ተቀመጠች። መካሪም በድንኳኑ ጥግ ካለው ድምፅ ማጉያ «የሞት ምክንያት፦ የቅንጅት ጉድለት። ሌላ የምታውቁት አለ?» አለ።

«ሌላስ?» አሉ አቶ መኳንንት።

ሒሳብ ሹሙ ወደ ጥገና ኃላፊው ዞሮ «አንተ ጀምር» አለው። ጥገና ኃላፊው «ኧረ እርስዎ እያሉ?» አለ። አንዷ ጸሐፊ ጓደኛዋን በክርኗ ነካች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚህ ሰዎች አንድ የሚናገሩት ነገር አላቸው፤ በሩም ተከፍቶላቸዋል፤ ግን ሁሉም ሌላው እስኪቀድም ቆሟል። ገራዶ ጣቢያ ላይ እንደ እኔ።

ተነሳሁ። የልጄን ዓይን ላለማየት ጣራውን እያየሁ አወረድኩት፤

«ምን ገደለው ብዬ ብጠይቅ ብጠይቅ፣
ደጃፍ ቆሞ ቀረ ሰው ለሰው ሲሳቀቅ።
አንቱ ይግቡ ሲለው፣ አንቱ ይግቡ ሲለው፣
ባዶ ጎጆ ሄደ ነፋስ ብቻ ያለው።»

«እትዬ እታጉ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አሉ አቶ መኳንንት።

«ገዳዩ እዚሁ ድንኳን ውስጥ አለ ማለቴ ነው። እኔ ነኝ።» አንዱን ንፍሮ ትን አለው። «ቅዳሜ ዕለት ገራዶ ላይ፣ እትዬ ዘምዘም ምስክሬ ናት፣ ‹ይቅደሙ› እያልኩ ስድስት ጎጆ ባዶውን ሰድጄያለሁ። አርባ ሰው ተቀጥሮ ተሞከረ አላችሁ። እነዚያ አርባ ሰዎች በምን ቅደም ተከተል ነበር የሚገቡት?»

የመለሰው መካሪ ነው። «ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ተለጥፎባቸው ነበር።»

«ሰኞ ገበያ ላይ ማን ነው ቁጥር የሚለጥፍልን? እስቲ አንተ መካሪ፣ ዛሬ እዚህ ድንኳን ለመግባት ስንት ደቂቃ ፈጀብን?»

«አሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። በሩ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ያስገባል። ባለፉት አምስት ዓመታት አማካዩ አሥራ ሦስት ደቂቃ ነው።»

«ይህን እያወቅህ ስምንት ሰከንድ ይበቃል አልክ?»

«ስለ ድንኳኑ በር ማንም አልጠየቀኝም» አለ መካሪ።

መጀመሪያ የሳቀው ሒሳብ ሹሙ ነው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ፈረሰ፤ በሳቅ ማለቴ ነው። ሳቁ ሲበርድ የሰው አፍ ተከፈተ። የጥገናው ኃላፊ በክረምት ጉም ሲበዛ በሩ ዘግይቶ እንደሚዘጋ ተናገረ፤ ጸሐፊዋ እናቷ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ እግራቸውን ማሳረፍ እንደሚፈሩ አወራች። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ የሞት ምክንያት ተመዘገበ። ቅንጅት አልነበረበትም።

ረውዳ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም። ለቅሶው ሲያበቃ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። እንደ ሥራ ባልደረባ እንኳ «ወይዘሮ እታጉ» አላለችኝም።

ማክሰኞ ማታ ስልኬን አላነሳችም። ረቡዕም አላነሳችም። ሃያ ዓመት ሳለቅስ እንባዬ ከጉንጬ አልፎ አያውቅም ነበር፤ የሥራ እንባ ነዋ። ረቡዕ ዕለት ግን ያለ ሙሾ፣ ያለ ድምፅ፣ ሽንኩርት ሳልከትፍ አለቀስኩ። ልጄን የገደልኩባት መሰለኝ። እትዬ ዘምዘም መጥታ «አብሽሪ፣ የምትናገርላት እናት ያላት ልጅ ናት» አለችኝ፤ እኔን ግን አላጽናናኝም።

ሐሙስ፣ በሰልስቱ፣ ድንኳን ገባን። ረውዳ ስትነሳ ድምፅ የላትም። ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ትላለች። ከጎኗ ደግሞ የሰኞ ገበያ ጣቢያ አሳፋሪ ጋሽ ሙሄ በላይ ቆመዋል። ጋሽ ሙሄን ደሴ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲሰድቡ ኖረው አንድም ሰው ተቀይሟቸው አያውቅም።

«ሁለት ቀን ከጋሽ ሙሄ ጋር ሳሳፍር ነው የዋልኩት» አለች ረውዳ በዚያ በተሰበረ ድምፅ። «ቆጥሬያለሁ። እሳቸው ሲጮሁ ስምንት ሰው በሰባት ሰከንድ ይገባል። ዝም ሲሉ በአንድ ደቂቃ ሁለት ሰው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ይንገሯቸው ጋሽ ሙሄ።»

«ምን አለው ነገሩ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሰው መቅደም አይጠላም፤ መቅደም የፈለገ መምሰል ነው የሚጠላው። እኔ ‹አንተ ባለ ሽንኩርቱ፣ ግባ፣ ጎጆው የአማትህ ቤት መሰለህ?› ስለው ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። እሱ ጨዋነቱን እንደያዘ ይቀመጣል።»

ረውዳ ቀጠለች። ጎጆው አይቆምም፤ አሳፋሪዎቹ ግን ይቀራሉ። ሥራቸው አሁን በር መክፈትና መዝጋት አይደለም፤ ማስቀደም ነው። ዕቃ የያዘ መጀመሪያ፣ ከዚያ ሽማግሌ፣ ከዚያ በጋሽ ሙሄ ጣት። መሄድ የሚቸግራቸው ካሉ አሳፋሪው ገመዱን ያዘገየዋል። የበሩ ነገር በክረምቱ ይጠናል፤ እስከዚያ የሚጀመረው በሰኞ ገበያና በገራዶ መካከል ብቻ ነው። ከአሥራ አንዱ የሞት ምክንያት ዘጠኙን መልሳ ሁለቱን «ገና አላወቅሁም» አለች። በዚያ ድንኳን ውስጥ «አላወቅሁም» ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ መኳንንት ፈረሙ። ቀና አሉና «ጋሽ ሙሄ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጊዜ አለዎት? ለዚህ ድንኳንም አሳፋሪ ያስፈልገናል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ላይ ማን ይጀምር የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ሙሄ በር ላይ ቆመው በጣታቸው ያስገባሉ፤ ከገባን በኋላም በጣታቸው ያናግራሉ። «አንቺ ከኋላ የተሸጎጥሽው፣ ተናገሪ! አለቃሽ መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው፣ አትዪው!» ይላሉ። አለቃውም እየሳቁ መጨረሻ ላይ ይናገራሉ።

መስመሩ የተከፈተው በኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ረውዳ ደውላ «አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያው ድረሺ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከሰልስቱ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። ስደርስ ሰዉ ሰልፍ ፍለጋ ግራ ገብቶት ይዟዟራል። ሰልፍ የለም። አንዲት ሴትዮ «ታዲያ የት ነው የምንጫወተው?» ብላ ስታጉረመርም ሰማሁ።

የመጀመሪያው ጎጆ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

«ግቢ እማ» አለች ረውዳ።

«ያንቺ ዕቅድ ነው፣ አንቺ ቅደሚ።»

«ያላንቺ መቼ ይነሳ ነበር? ግቢ ስልሽ!»

«ወላሂ አይሆንም» አልኩ፣ እትዬ ዘምዘምን ሆኜ።

«እናንተ ሁለት ነፍሰ ገዳዮች!» ጋሽ ሙሄ ከበስተኋላ ጮኹ። አንድ እጃቸው በእኔ ጀርባ፣ አንዱ በእሷ፣ ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ገፍተው ከተቱን። በሩ ተዘጋ። ከተማዋ ከእግራችን ሥር ዝቅ እያለች ሄደች።

ረውዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆመች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ደነገጥኩና ያዝኳት። ሳቅ ነው። ሳቋ አላናግር ሲላት በጣቷ ከበሩ በላይ አመለከተችኝ። የቅድመ ለቅሶ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ ከሞት የተነሳ ዕቅድ ሁሉ አሟሟቱን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዝዛል። ይህን አንቀጽ ከእኔ በቀር የሚያነበው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ትንሽ የናስ ሰሌዳ ተሰቅላለች፤

«ይህ ጎጆ አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር። የሞት ምክንያት፦ ይቅደሙ። ገዳይ፦ እናቴ እታጉ ይመር። እግዜር ያክብርልኝ።»

በስልሳ ጎጆ ላይ ስልሳ ሰሌዳ አስለጥፋለች። አሁን ሰኞ ገበያ ስወርድ ባለ ሽንኩርቶቹ «ገዳይ መጣች! አሳልፏት!» ይላሉ፤ እኔም ማንንም «ይቅደሙ» ሳልል፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ቀድሜ እገባለሁ።